በአሜሪካ ጉዳይ የተኳረፉ ሁለት የዳንግላ ጎረቤቶች

ዳንግላን እግሬ ሳይረግጣት ድምፄ ለዓመታት ሲመላለስባት ኖሯል። ሥራዬ የውጭ ዜና ተርጉሞ በሬዲዮ ማንበብ ነው። ማታ ማታ ዓለም የት የት እንደተተራመሰች እናገርና ጃኬቴን ደርቤ የታክሲ ሰልፍ እይዛለሁ። ማን እንደሚያዳምጠኝ አስቤ አላውቅም። እውነቱን ልናገርና፣ የሚያዳምጠኝ ሰው ያለም አይመስለኝም ነበር፤ ባለቤቴ እንኳ እኔ ስጀምር ወደ ቴሌቪዥኗ ትዞራለች።

በጥቅምት መጨረሻ ግን የድምፅ ቴክኒሺያናችን ይበልጣል ከስቱዲዮ ስወጣ ጠብቆ አንድ ጉድ ነገረኝ። አባቱና የእጮኛው አባት በእኔ ምክንያት ተኳርፈዋል። በእኔ ምክንያት ማለት በአሜሪካ ምክንያት ነው። አባቱ አቶ ሙሉነህ፣ አሜሪካኖች ጦራቸውን ከሰው አገር ሰብስበው ቤታቸው ይቀመጡ ይላሉ። የእጮኛው የሰብለ አባት አቶ ገረመው ደግሞ፣ ጉልበት ያለው አገር ሌላው ሲጠቃ እጁን አጣጥፎ ማየት የለበትም ባይ ናቸው። የሁለቱም ምስክር እኔ ነኝ፤ ሁለቱም «ሬዲዮኑ ብሏል» ይላሉ። አንድ የገበያ ቀን ዳንግላ ሻይ ቤት ተቀምጠው ሲከራከሩ አቶ ገረመው ድንገት ተነስተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የለም። ለጥር የታሰበው ሠርግ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ አቶ ገረመው ሽማግሌ እንዳይላክብኝ ብለዋል።

ይበልጣል እኔ ሄጄ አሜሪካኖቹ በትክክል ምን እንደሚሉ ባስረዳቸው ነገሩ ያልቃል ብሎ ያምናል። እኔም አመንኩ። ደስም አለኝ፣ መደበቅ አልችልም። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ሰው በእኔ ዜና ተጣልቶ አያውቅም ነበር፤ ፈቃድ ሞላሁና ቦርሳዬን አነሳሁ።

የመጀመሪያው ቀን የጀመረው ጨለማው ሳይገፈፍ መናኸሪያ ውስጥ ነው። መንገዱ ተከፍቷል፣ የለም ተዘግቷል የሚለው ወሬ ከአውቶቡሱ ቀድሞ ይሮጣል። ሾፌሩ «የደረስንበት እናድራለን» ብሎ ሞተሩን አስነሳ፤ ተሳፋሪውም አማተበና ተደላድሎ ተቀመጠ። ዓባይ በረሃን ወርደን ስንወጣ ጆሮዬ ተደፈነ። ፍተሻ ላይ እንወርዳለን፣ መታወቂያ እናሳያለን፣ እንሳፈራለን፤ ትንሽ ሄደን ደግሞ እንወርዳለን። ማንም አላማረረም። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ለትንሽ ደቂቃ ቢቆምብኝ ደም ስሬ የሚገታተር ሰው ነኝ፤ እዚህ ግን ከጎኔ የተቀመጡት የቡሬ ሴትዮ በወረድን ቁጥር የተጠበሰ ሽምብራ ያዘግኑኝ ስለነበር አፌ ሥራ ይዞ ዋለ።

ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ ሬዲዮ ከፈተ። ባልደረባዬ የእኔን ሰዓት ተክቶ ያነባል፤ ያው የአሜሪካ ምክር ቤት ክርክር ነው፦ ጦር እንላክ፣ አንላክ፣ መሣሪያ እንስጥ፣ አንስጥ። ከኋላ አንድ ሰው ምን አገባቸው አለ። ሌላው ደግሞ ሲገቡ ምን አገባቸው፣ ሳይገቡ ሲቀሩ ምነው ዝም አሉ የምንለው እኛው ነን ብሎ መለሰለት። አውቶቡሱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ነገሩ እውነት ስለነበር ትንሽ ቆነጠጠኝ።

ደብረ ማርቆስ አደርን። የያዝኩት ክፍል በር ከውስጥ ተቆልፎ እንቢ አለኝ። አንዴ ቀስ ብዬ አንኳኳሁ፤ የኮሪደሩ ሰው በሙሉ ወጣ። አንዱ ቁልፉን ወደ ላይ አንሳው ይላል፣ አንዱ ወደ ታች ተጫነው ይላል፣ የአልጋ ቤቱ ባለቤት ደግሞ በትከሻዋ ትገፋለች። በመጨረሻ በሩ ሲከፈት ያን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት በቁምጣ አገኘሁት። አዲስ አበባ እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ከላይ ያለችው ጎረቤታችን ስትጮህ ሁላችንም የቴሌቪዥናችንን ድምፅ ከፍ ነው የምናደርገው። እዚህ ግን አንዴ ማንኳኳት በቃኝ። እራት አብሬያቸው በላሁ፣ ቁምጣዬም መሳቂያ ሆኖ አመሸ።

ማግስቱን ከቡሬ አለፍ ብለን ጥሊሊ ስንገባ የኋላው ጎማ ፈነዳ። የገበያ ቀን ነበር። ጎማው እስኪቀየር ዝናብ መጣና አንዲት ድንችና ቲማቲም የምትሸጥ ሴት እጄን ስባ ከሸራዋ ሥር አስገባችኝ። «አረፍ ይበሉ» አለችኝ፤ አረፍ አልኩ፤ ቲማቲሟ ላይ። ሱሪዬ ምን እንደመሰለ አልነግራችሁም። እኔ በሃፍረት ስቀልጥ እሷ እየሳቀች በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝና ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አቀበለችኝ። የፈጀሁባትን ቲማቲም ልክፈል ብላት እንግዳ ነዎት ብላ ጭራሽ ተቆጣችኝ። በዚህ ጉዞ መቀመጥ እንደማይሆንልኝ ያኔ ነበር ማወቅ የነበረብኝ።

እንጅባራ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰዉ ሁሉ ጋቢ ለብሶ ባጃጅ ውስጥ ታጭቆ ሲሄድ አየሁና ባለቤቴ የጠቀጠቀችልኝን ሹራቦች በሙሉ ደረብኩ። የሆቴሉ ባለቤት ሴትዮ፣ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሰምተው ትንሽ ጀሪካን ሙቅ ውሃ ሞልተው፣ በፎጣ ጠቅልለው እግርጌዬ አስቀመጡልኝ። አዲስ አበባ ብዙ ኮከብ ካላቸው ሆቴሎች ለስብሰባ ገብቼ አውቃለሁ፤ እግሬን ያሰበልኝ ግን አልነበረም።

ቀድሞኝ እንጅባራ የገባው ይበልጣል ሦስተኛውን ቀን ከሰብለ ጋር አስተዋወቀኝ። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ዓይንን ቀጥ አድርጋ የምታይ ልጅ ናት። የምሳ ሰዓቷን አስፈቅዳ በባጃጅ ዘንገና ሐይቅ ወዳለበት ወደ ጥርባ ወሰደችን፤ ሐይቁን አይቶ ያልሄደ እንጅባራን አላየም ትላለች። ሐይቁ ጥልቅና ጸጥ ያለ ነው። እዚያ ዳር ቆመን ይበልጣል ፎቶ ሲያነሳ፣ ሰብለ ወደ እኔ ጠጋ ብላ አባቷ ከእኔ በላይ ማንንም እንደማይሰሙ፣ ዜናው ሲጀመር ቤቱ በሙሉ ጸጥ እንደሚል ነገረችኝ። ከዚያ ዙሪያ ጥምጥም ሳትል ተናገረች።

«ጋሼ፣ እኔ ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም። ይበልጣልንም አልተውም። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ የሚቻልበትን መንገድ ያግኙልኝ።»

አንጀቴን በላችው። እኔ የመጣሁት ስለ አሜሪካ ውጭ ፖሊሲ ላስረዳ ነው፤ ይህች ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ የምትኖረውን ኑሮ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

አራተኛውን ቀን ከይበልጣል ጋር በሚኒባስ ዳንግላ ገባን፤ ከዚያም በባጃጅ እስከሚቻል ድረስ፣ የቀረውን በእግር ወደ አባቱ ቤት። ግራ ቀኙ ዴከረንስ የሚሉት ዛፍ ነው፤ ገበሬው ይተክለዋል፣ ሲደርስ ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል፣ ከሰሉም ተጭኖ ወደ እኛ ይመጣል። ሰፈሬ ያለው ከሰል ሻጭ ደጅ ማዳበሪያ ተከምሮ ባየሁ ቁጥር ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አቶ ሙሉነህ ረዥም፣ ዝምተኛ፣ ሲናገሩ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። እኔን ሲያዩ ቅር አላቸው። ከድምፄ ተነስተው የሚገምቱት ግዙፍ፣ ጢማም ሰውዬ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅም አላመኑም፤ ጓዳ አስገብተው መጋረጃውን ከለሉና «እስቲ ይናገሩ» አሉኝ። ከእንስራና ከወተት እቃ መካከል ቆሜ «አድማጮቻችን እንደምን አመሻችሁ» ስል ከውጭ በእልልታ አቀለጡት። ማርና እርጎ ቀረበ፤ የራሳቸውን አልጋ ለቀው እዚያ ተኛ አሉኝ፤ እምቢ ብል ማን ሰምቶኝ። አዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣብን ሶፋ ነው የምናነጥፍለት፣ እሱንም እያጉረመረምን።

ከእራት በኋላ አቶ ሙሉነህ ወደ አሜሪካ ገቡ። ልጆቻቸውን ወደ ቤታቸው ይመልሱ አሉ፤ የገቡበት አገር ሁሉ ከገቡ በኋላ ምን ሆነ ብለው ጠየቁኝ። እኔ የማነባቸውን የአገር ስሞች በጣቶቻቸው እየቆጠሩ፣ እዚህ ገቡ፣ ተዋጉ፣ ሰለቻቸው፣ ወጡ፣ ያ ሕዝብ ምን ቀረለት አሉኝ። በአሜሪካኖቹ በራሳቸው ከተሞች ቤት የሌለው ሰው ድልድይ ሥር ሲያድር፣ ገንዘቡ ባሕር ማዶ በጥይት መልክ ይሄዳል ያሉትም ከእኔው አፍ የሰሙት ነው። «በቤቱ ያለውን እሳት ያላጠፋ ሰው የሌላውን አጠፋለሁ ሲል አላምነውም» አሉ። ክፉ ሰው አልመሰሉኝም፤ የጎረቤት ችግር የማይገደው ሰው አልጋውን ለእኔ አይለቅም ነበር።

አምስተኛው ቀን እሑድ ነው። ሽማግሌ አይላክ ቢባልም፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ በደጅ አይመለስምና ቄስ ታደለ በእኔ ሰበብ ሽማግሌዎቹን አስከትለው እንድንሄድ ቆረጡ። ቄስ ታደለ የሁለቱም ቤት ንስሐ አባት ናቸው። ጋቢ አለበሱኝ፣ ዱላ አስያዙኝ፣ መንገድ ላይም ደንቡን አስረዱኝ፤ የልጁ አባት አይመጣም፣ ሽማግሌ የሚያደርሰው በወግ የተነገረውን ነው፣ በር ላይ የሚንጠባጠበውን ወሬ አይደለም። ሁሉንም በጥሞና ሰማሁ። አንዱን ብቻ አልነገሩኝም፤ የማውቀው መስሏቸው ይሆናል።

አቶ ገረመው አጭር፣ ደንዳና፣ ሳቃቸው ቅርብ የሆነ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አለምነሽ ወንበር እያቀራረቡ «ተቀመጡ» ሲሉ ተቀመጥኩ። ቀና ስል ሌሎቹ ሁሉ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ለካ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም! ቄስ ታደለ በጋቢዬ ጫፍ ስበው አስነሱኝ። አቶ ገረመው ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም፤ እኔም ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። ግን የእኔ ስህተት ጠቀመን መሰለኝ፤ ሰውዬው ከሳቁ በኋላ ሽማግሌ ማባረር ከበዳቸው። «እንግዲህ የሬዲዮው ሰው ከተቀመጠ እናንተም ተቀመጡ» አሉ።

ጉዳዩ ሳይነሳ ግን ወደ እኔ ዞሩ። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ምን እንደሚሉ በቃል እንድነግራቸው ፈለጉ። ለዚሁ አይደል የመጣሁት? አስረዳሁ። አንዳንዶቹ የእኛ ልጆች በማያውቁት አገር ለምን ይሞታሉ፣ ዓለምን የመጠበቅ አደራ ማን ሰጠን ይላሉ አልኩ። በሌላ በኩል፣ ድሮም ጦርነቱ የእኛ አይደለም ብለን ተቀምጠን እሳቱ ሰፍቶ ደጃችን መጥቷል፣ ያን ጊዜ ያስከፈለን የበለጠ ነው የሚሉ አሉ። በሌላ በኩል፣ ክርክሩ በሁለቱ ፓርቲዎች መካከል ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዳቸው ውስጥም ነው፤ ትናንት እንግባ ያለው ዛሬ እንውጣ ይላል። በሌላ በኩል...

«እርስዎስ?» አሉኝ ወይዘሮ አለምነሽ። «እርስዎ የቱ ነዎት?»

የእኔ ሥራ መተርጎም ነው አልኩ። አቶ ገረመው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያለ ክፋት ነው የነቀነቁት፣ ግን አላመኑኝም። ከዚያ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ቀኝ እጃቸውን አሳዩን። ከመዳፉ እስከ ክንዱ ቆዳው የተጨማደደ ነው፤ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀርተዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በየካቲት ነፋስ ከራሳቸው የከሰል ክምር እሳት ተነስቶ ዛፋቸውን ያዘው። ኡኡ አሉ። በዚያ አገር ኡኡታ የሰማ ሰው የያዘውን ጥሎ ይሮጣል፤ የተጣላም ቢሆን ይሮጣል። የታችኛው መንደር ሰው፣ የላይኛው መንደር ሰው እርጥብ ቅጠል ይዞ መጣ። ድንበርተኛቸው ሙሉነህ ግን መጥረቢያቸውን ይዘው በራሳቸው ድንበር ላይ ቆሙ። አቶ ገረመው ከጭሱ ውስጥ ሆነው አይተዋቸዋል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰዎች እድር ላይ ሲገናኙ፣ ሬዲዮ ሰምተው ስለ ዓለም ሲከራከሩ፣ ልጆቻቸውም ሲተጫጩ ኖረዋል፤ ስለ እሳቱ ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። ያን የገበያ ቀን ሻይ ቤት ውስጥ አቶ ሙሉነህ ስለ አሜሪካ ሲናገሩ፣ በማይመለከተው እሳት ገብቶ እጁን የሚያቃጥል ሞኝ ነው አሉ። ሻይ ቤቱ በሙሉ የአቶ ገረመውን እጅ አየ።

«ለምን እንደቆመ ይንገረኝ» አሉ አቶ ገረመው። «ልጄን የምከለክለው ጠልቼ አይደለም። ነገ በእሷ ቤት ላይ ችግር ቢመጣ፣ አማቷ ድንበሩ ላይ ቆሞ እንደሚያይ ካወቅሁ ምን ብዬ እመርቃታለሁ?»

ቄስ ታደለ ጥያቄውን እናደርሳለን ብለው ተነሱ። እኔ በመጨረሻ ስወጣ ወይዘሮ አለምነሽ በሩ ላይ ቀረብ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ባላቸው እጁ ተቃጥሎ ለወራት ሲተኛ ሙሉነህ አንድም ቀን ደጃቸውን እንዳልረገጠ ነገሩኝ። ወተት ይዛ ጥሩወርቅ ትመጣ ነበር፤ እሱ ግን አልመጣም።

ተመልሰን ለአቶ ሙሉነህ ጥያቄውን ስናደርስ ተነሱና ተከተለኝ አሉኝ። ድንበሩ ጋ ወሰዱኝ። ከእሳቸው በኩል፣ ከድንበሩ ገባ ብሎ፣ በሣር የተዋጡ ጉቶዎች ረዥም መስመር ሠርተዋል። ያን ቀን የቆረጧቸው የራሳቸው ዛፎች ናቸው። ለሽያጭ ሊደርሱ ጥቂት የቀራቸው ነበሩ። እሳቱ ድንበሩን ከዘለለ ከሥር ያለውን የሣር ቤት ሁሉ ይዞ የቤተ ክርስቲያኑን ደን ይበላ ነበር አሉ። ነፋሱን አይተው፣ ሄደው በቅጠል ቢመቱት እንደማይጠፋ አውቀው፣ የሚበላው እንዲያጣ በመንገዱ ያለውን ዛፍ መነጠሩ። ገረመው የሚያስበው ሙሉነህ ዛፉን ሲጠብቅ ነበር ብሎ ነው፤ እሳቸው ዛፋቸውን ሲጥሉ ነበር።

ታዲያ ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገሯቸውም አልኩ።

«እጁ ተቃጥሎ ለተኛ ሰው፣ እኔ ትክክል ነበርኩ ይባላል?»

ከዚያ የሻይ ቤቱን አነሱ። አሜሪካን ማለታቸው እንደነበር፣ ቃሉ የገረመውን እጅ እንደነካ ግን ከአፋቸው ሲወጣ ከሌላው ሰው ጋር እኩል እንደሰሙት ነገሩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል።

የቄስ ታደለን ደንብ የጣስኩት ይኼኔ ነው። በር ላይ የሰማሁትን ነገርኳቸው። እሳቱንስ ቢያስረዱ ይገባቸው ይሆናል፣ ያ ሁሉ ወራት ሳይጠይቋቸው መቅረትዎን ግን በጉቶ አያስረዱትም አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ነገሩ አይመለከተኝም፤ ግን ተናገርኩት። አቶ ሙሉነህ መጀመሪያ ሳምንት አፈርኩ አሉ፤ ወር ሲሆን የበለጠ አፈርኩ፤ ዓመት ካለፈ በኋላ በምን አፌ። ወደ ቤት ተመልሰን እኔ ነገር ያበላሸሁ መስሎኝ እራቴን በቅጡ አልበላሁም።

የመመለሻውን መንገድ እዚህ ላይ ልጨርሰው፤ አጭር ነው። ማክሰኞ ከዳንግላ ተነሳሁ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ያስያዙኝ ማር ቡሬ ላይ ቦርሳዬ ውስጥ ፈሰሰ፣ ሹራቦቼ ሁሉ ተጣበቁ፣ ረቡዕ ማታ ቤቴ ገባሁ። ሐሙስ ያው ክርክር ጠረጴዛዬ ላይ ጠበቀኝ። እንግባ የሚሉት ምክንያት አላቸው፤ እንቅር የሚሉትም ምክንያት አላቸው፤ ሁለቱንም እንደ ወትሮዬ ሚዛን ጠብቄ ተረጎምኩ። ሳነበው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሁለቱም ወገን የሚከራከረው ስለ መግባትና ስላለመግባት ብቻ ነው። ከገቡ በኋላም ሆነ ሳይገቡ ከቀሩ በኋላ፣ የተቃጠለውን ሰው ደጁ ድረስ ሄዶ እንዴት ሆንክ ስለሚለው ሰው የተጻፈ ዜና እስከ ዛሬ ለትርጉም አልደረሰኝም።

አሁን ወደ ሰኞ ጠዋት። እኔ ልሰናበታቸው፣ ቄስ ታደለም መልስ ይዘው አቶ ገረመው ቤት ሄደናል። ምን መልስ? አቶ ሙሉነህ ማታውን ሙሉ አንድም ቃል አልሰጡንም ነበር። ቆመን ገና ሰላምታ ላይ ሳለን ውሻው ጮኸ። አቶ ሙሉነህ ናቸው። የልጁ አባት በሽማግሌ ቀን አይመጣም፤ ያውም ሳይጠራ። ቄስ ታደለ ደነገጡ። ሳይጠሩ የሰው ቤት መግባት አይገባም ሲሉ የኖሩት ሰው ሳይጠሩ መጥተው አጥሩ ሥር ቆሙ፤ የተቸገረ ቤት ሳይጠሩ ይገባል ሲሉ የኖሩት ሰው ደግሞ ግቡ ማለት አቅቷቸው ደጃፋቸው ላይ ቆሙ።

አቶ ሙሉነህ በመንደሩ ቋንቋ፣ በአገውኛ፣ አንድ ነገር ተናገሩ። አቶ ሙሉነህ ያንኑ ቃል ደገሙት፤ ከወትሮው ድምፃቸውም ዝቅ ብሎ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ስተረጉም የኖርኩት ሰውዬ አንድም ቃል ሳይገባኝ ቆምኩ። ከጎኔ ወይዘሮ አለምነሽ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነዋል። ሰብለ ከእንጅባራ በጠዋቱ ሚኒባስ መጥታ ኖሮ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ታያለች።

«ምን አሉ?» አልኳቸው ቄስ ታደለን፣ በሹክሹክታ።

«ልጠይቅህ መጣሁ፣ እጅህን እንዴት አደረገህ ነው የሚለው» አሉኝ።

አቶ ገረመው ጋቢያቸውን ገለጡና እጁን ዘረጉት። ከዚያ ጥቂት ቃል ተናገሩ። ቄስ ታደለ ሊተረጉሙልኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አሁንስ ደህና ነው አለው። ያኔ ነበር ያመመኝ አለው።»

አቶ ሙሉነህ አጥሩን አልፈው ገቡ።